የጨረቃን ተራራ ያየው ሥዕል የሚችለው ሰውዬ ነው

በ1609 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ምጽፈው) ሁለት ሰዎች በየአገራቸው ሆነው ቴሌስኮፕ ወደ ጨረቃ አዞሩና ያዩትን ወረቀት ላይ ሣሉት። አንደኛው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ሃሪየት ነው፣ በጥቂት ወራት ቀድሟል። ሁለተኛው ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ነው። የሃሪየትን የመጀመሪያ ሥዕል ብታዩት አንድ ክብ አለ፣ ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበት ቦታ ላይ የተሰባበረ መስመር አለ፣ ትንሽ ጠቆር ጠቆር የተደረገ ነገር አለ፣ በቃ። መስመሩ ቀጥ ያለ እንዳልሆነ አይቷል፣ ለምን እንደተሰባበረ ግን ሥዕሉ ምንም አይናገርም። ጋሊሊዮ ያንኑ የተሰባበረ መስመር ሲያይ ጥላ መሆኑ ገባው፣ ጥላ ካለ ደሞ ጥላውን የሚጥል ከፍ ያለ ነገር አለ ማለት ነው። በጨለማው በኩል ብቻቸውን የሚያበሩ ትናንሽ ነጥቦችም አየ፣ ልክ ጎህ ሲቀድ ሸለቆው ገና ጨለማ ሆኖ የተራራው ጫፍ ቀድሞ ፀሐይ እንደሚያገኘው ማለት ነው፣ እና ነጥቦቹ ከብርሃኑ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቁ ለክቶ የተራሮቹን ከፍታ እስከማስላት ደረሰ። እስከዛ ድረስ አብዛኛው የተማረ ሰው ጨረቃ እንደተወለወለ ኳስ ለስላሳ ናት ብሎ ነበር ሚያምነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት መሣሪያው ነው፣ የሃሪየት ቴሌስኮፕ 6 እጥፍ ገደማ ነበር ሚያጎላው፣ የጋሊሊዮ ግን ወደ 20 እጥፍ። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ሌላም ነገር ያነሳሉ፣ ጋሊሊዮ ሥዕል ያውቅ ነበር። በዛ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ሥዕል ሚማር ሰው ብርሃን ከአንድ በኩል ሲመጣ ጎርበጥበጥ ያለ ነገር ላይ ጥላው እንዴት እንደሚወድቅ ደጋግሞ ይለማመዳል፣ እሱም በ1613 የፍሎረንስ የሥዕል አካዳሚ አባል ሆኗል። እኔን በጣም ሚገርመኝ ግን ከዛ በኋላ የሆነው ነው፣ ጋሊሊዮ በ1610 ሥዕሎቹን በመጽሐፍ ካወጣ በኋላ ሃሪየት ጨረቃን እንደገና ሣለ፣ እና አሁን ጉድጓዶቹ ሥዕሉ ላይ ቁጭ ብለዋል። ጨረቃዋ ያችው ናት፣ ዓይኑ ግን ምን መፈለግ እንዳለበት ተምሯል።

ይሄን ያስቀደምኩት ለምን መሰላችሁ፣ ሳይንስን በሥዕል በፊልም በትረካ ለሕዝብ ማቅረብ ሲባል ብዙ ሰው ሚመጣለት መራራ ኪኒን ላይ ስኳር መቀባት ነው። ሳይንሱ ተሠርቶ ያልቃል፣ ከዛ አንድ ሰዓሊ ወይም ቪዲዮ ሠሪ ይጠራና "እስቲ አሳምርልን" ይባላል። እንደዛ ሲሰራ ደሞ ውጤቱ ያስታውቃል፣ ሚያምር ነገር ይሆናል፣ ሰው አይቶት ያልፋል፣ ምንም አይዝም። ጥበብ ግን ሥራ ሊሠራ ሚችለው ከዛ በጣም ቀደም ብሎ ነው፣ ሰው አንድን ነገር ማየት ሚጀምርበት፣ ጥያቄው ጥያቄ ሚሆንበት ቦታ ላይ።

ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ የያዙት አንድ ሐሳብ አለ፣ ሕዝቡ ሳይንስን ማይቀበለው መረጃ ስለሌለው ነው፣ መረጃውን ካፈሰስንለት ይገባዋል የሚል፣ ልክ ባዶ እንስራ ላይ ውሃ እንደመሙላት። ይሄ ነገር ደጋግሞ ተሞክሮ ደጋግሞ ሳይሰራ ቀርቷል። ሰው ባዶ እንስራ አይደለም እኮ፣ ገና ከመስማቱ በፊት በውስጡ ሌላ ታሪክ አለ፣ ከቤቱ ያመጣው፣ ከፍርሃቱ ያመጣው፣ ከዚህ በፊት ከተታለለበት ነገር ያመጣው። አንድ ብቻውን የቆመ ቁጥር ያንን ታሪክ ሊያሸንፈው አይችልም። በዛ ላይ የአእምሯችን የአቅም ጉዳይ አለ፣ አዲስ ነገር ሲሆን በአንድ ጊዜ ይዘን ልናገላብጠው ምንችለው 4 ገደማ ነገር ነው፣ ተናጋሪው 10 አዲስ ቃል ካወረደ 6ቱ መሬት ወድቀዋል። ታሪክ ሲሆን ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ስለሚመጣ ብዙውን ነገር እንደ አንድ ነገር አድርገን እንይዘዋለን።

በምሳሌ ላሳያችሁ፣ አንድ ዓይነት እውነት በሁለት መንገድ።

አንደኛው መንገድ፦ የወሊድ ትኩሳት በባክቴሪያ የሚመጣ ኢንፌክሽን ነው። በእጅ ይተላለፋል። ኢግናዝ ሰመልቫይስ የሚባል ሐኪም በ1847 ቪየና ውስጥ እጅን በክሎሪን ማጽዳት ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁሉም ትክክል ነው፣ ነገ ጠዋት ግን ትረሱታላችሁ።

ሁለተኛው፦ ቪየና ውስጥ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍል ነበረው። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ያዋልዳሉ፣ በሁለተኛው አዋላጆች። እናቶች ወደ አንደኛው እንዳትወስዱን እያሉ ይለምኑ ነበር፣ መንገድ ላይ መውለድን ሚመርጡም ነበሩ፣ ምክንያቱም ያ ክፍል ገዳይ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሰመልቫይስ ሲቆጥር እውነትም ሐኪሞቹ ጋ ሚሞቱት ከአዋላጆቹ ከእጥፍ በላይ ናቸው። የተማሩት ጋ ሞት ይበዛል፣ ይሄ እንዴት ይሆናል? አየሩ መጥፎ ነው እንዳይባል ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ናቸው። መጨናነቅ ነው እንዳይባል ሁለተኛው ነው ሚጨናነቀው። ለሟቾች ሊጸልይ የሚመጣው ቄስ ደወል እያስደወለ በአንደኛው ክፍል ስለሚያልፍ እናቶቹ በድንጋጤ ይሆን ተብሎ ቄሱ መንገድ እንዲቀይር ተደረገ፣ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ከዛ በ1847 ኮሌችካ የሚባል የሥራ ባልደረባው ሬሳ ሲመረመር በተማሪ ቢላ ጣቱ ተወጋና ታሞ ሞተ፣ የሱ ሬሳ ሲከፈት ውስጡ የታየው እናቶቹን የገደለው በሽታ ራሱ ነው። ሰመልቫይስ እዛ ጋ ቆመ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት ሬሳ ይከፍታሉ፣ ከዛ በዛው እጃቸው ያዋልዳሉ። አዋላጆቹ ሬሳ አይነኩም። ገዳዩ ያለው በራሳቸው እጅ ላይ ነው፣ በሱም እጅ ጭምር። እጅ በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ ከ100 እናቶች 18ቱ ሞተው ነበር፣ በሰኔ ወደ 2 ወረደ።

አሁን ልብ በሉ፣ ሁለተኛው መንገድ ስሜት ስለቀሰቀሰ ብቻ አይደለም ሚበልጠው። ውስጡ ሳይንሱ ራሱ ገብቷል፣ ሁለት ቡድን ማወዳደር፣ ግምት ማቅረብ፣ ግምቱን መፈተሽ፣ መጣል፣ ሌላ ማምጣት። ያነበበው ሰው "እጅ ታጠብ" የሚል ትእዛዝ ብቻ ይዞ አይሄድም፣ እንዴት እንደታወቀ ጭምር ይዞ ይሄዳል። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ "ይሄ ዝም ብሎ ነው" ቢለው መልስ አለው። ለኔ የሳይንስ ትረካ ዋናው ጥቅም እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ውጤቱን ማሳመር ላይ ሳይሆን መንገዱን ማሳየት ላይ።

ሚያሳዝነው ነገር ሰመልቫይስ ራሱ ይሄንን መንገር አልቻለም። ለዓመታት በጽሑፍ አላወጣውም፣ በ1861 መጽሐፉ ሲወጣ ረጅም፣ ድግግሞሽ የበዛበት፣ በሠንጠረዥና በቁጣ የተሞላ ነበር። ብዙ ሐኪሞች አልተቀበሉትም፣ እሱም በ1865 የአእምሮ ሕሙማን በሚያዙበት ቦታ ሞተ። ያልተቀበሉት በአጻጻፉ ብቻ ነው አልልም፣ ጀርም የሚባለው ነገር ገና በደንብ አልታወቀም ነበር፣ ገዳዩ የናንተ እጅ ነው መባልም ቀላል አይደለም። ግን በዛው ሰሞን እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ምን እንዳደረገች እዩ። ከክራይሚያ ጦርነት ስትመለስ እጇ ላይ ያለው ዳታ ወታደሩን የፈጀው ከጥይት ይልቅ ንጽሕና ቢኖር መከላከል ሚቻል በሽታ መሆኑን ያሳያል። በ1858 እያንዳንዱን ወር እንደ አበባ ቅጠል አድርጋ ሣለችው፣ የቅጠሉ ስፋት የሟቾቹ ብዛት ነው፣ ቀዩ በቁስል የሞተ፣ ጥቁሩ በሌላ ምክንያት፣ ሰማያዊው በበሽታ። ወረቀቱን ገልጦ ያየ ሰው ምንም ሳያነብ ሰማያዊው ሌላውን ሁሉ እንደዋጠው ያያል። ሠንጠረዥ ማንበብ ማይወድ ባለሥልጣንም አላየሁም ማለት አይችልም።

ራንዲ ኦልሰን የሚባል የባሕር ባዮሎጂስት አለ፣ ፕሮፌሰርነቱን ትቶ ፊልም ሊማር የሄደ፣ እሱ ሳይንቲስቶችን ሚያስተምረው ዘዴ በጣም ቀላል ነው፣ ሦስት ቃል፦ "እና"፣ "ግን"፣ "ስለዚህ"። አብዛኛው የሳይንስ ንግግር እና እና እና ነው። ይሄን ለካን እና ይሄን አገኘን እና ይሄ ደሞ አለ። አድማጩ ለምን እንደሚሰማ አያውቅም። "ግን" ስትመጣ ነው ጆሮ ሚቆመው። ሁለት የማዋለጃ ክፍል አለ እና ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ግን አንዱ ጋ ሞት ይበዛል፣ ስለዚህ ምን እንደሚለያቸው አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመረ። ይሄን ዘዴ ለሪሰርች ጽሑፍም ለ1 ደቂቃ ቪዲዮም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ እኔ ምጽፈውን ነገር ሁሉ ከመልቀቄ በፊት "ግን"ዋ የታለች ብዬ እፈልጋለሁ፣ ካጣኋት ጽሑፉ ገና አልበሰለም ማለት ነው።

እሺ፣ ግን ትረካ እውነት የሰውን ሕይወት ይቀይራል ወይ፣ በምን ይታወቃል? ይሄ ጥያቄ ራሱ የሳይንስ ጥያቄ ነው፣ እና በጣም ጥሩ መልስ ካገኘባቸው ቦታዎች አንዷ ታንዛኒያ ናት። በ1993 የታንዛኒያ ሬድዮ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚተላለፍ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤድስ የሚያወራ ድራማ ጀመረ፣ ስሙ በስዋሂሊ "ትዌንዴ ና ዋካቲ" ነው፣ ከዘመኑ ጋር እንሂድ እንደማለት። ምክዋጁ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አለ፣ በየሚቆምበት ከተማ ሴት አለችው፣ ማንንም አይሰማም፣ በመጨረሻ ኤድስ ይይዘዋል። ሚስቱ ቱኑ ደሞ መጀመሪያ ላይ አንገቷን የደፋች ሴት ናት፣ ቀስ በቀስ ነው የራሷን ሥራ ጀምራ በእግሯ ምትቆመው። አያችሁ፣ ማንም "ተጠንቀቁ" እያለ አይሰብክም፣ አድማጩ ከቱኑ ጋር ለወራት አብሮ ነው ሚኖረው፣ ስትፈራ ይፈራል፣ ስትወስን ምን እንዳሰበች ያውቃል። ደራሲዎቹ ሆን ብለው ሦስት ዓይነት ሰው ነው ሚያስገቡት፣ ጥሩው፣ መጥፎው፣ እና መሀል ላይ ያለው ሚወላውለው፣ ዋናው ደሞ ሚወላውለው ነው፣ ምክንያቱም ሰሚው ራሱን ሚያየው እሱ ላይ ነው።

ከዛ መለካቱ መጣ። ዶዶማ አካባቢ ያለው ማሰራጫ በዛ ሰዓት የራሱን ፕሮግራም ስለሚያስተላልፍ ድራማው እስከ 1995 እዛ አልተሰማም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የሰሙትንና ያልሰሙትን ማወዳደር ቻሉ፣ ልክ እንደ ሁለቱ የማዋለጃ ክፍሎች። ድራማው በሚሰማበት አካባቢ ባልና ሚስት ስለ ቤተሰብ ምጣኔ መነጋገሩም መጠቀሙም ጨመረ፣ ዶዶማ ላይ እንደዛ አልሆነም፣ በኋላ እዛም ሲተላለፍ ለውጡ እዛም መታየት ጀመረ። ሬድዮ ድራማ ነው ይሄን ያደረገው፣ አንድም ግራፍ የሌለበት።

ፊልም ደሞ የራሱ የሆነ ጉልበት አለው፣ ጊዜን መጨበጥና መዘርጋት። አንድ አበባ ሲፈካ በ10 ደቂቃ አንድ ፎቶ እያነሳችሁ ብትሰበስቡና በሰከንድ 24 ፎቶ አድርጋችሁ ብታሳዩት፣ አንዷ ሰከንድ 4 ሰዓት ትሆናለች፣ 10 ቀን የፈጀው ነገር በ1 ደቂቃ ያልቃል። ያኔ ነው አበባው ዝም ብሎ የቆመ ሳይሆን ሚንቀሳቀስ፣ ብርሃን ሚያሳድድ ነገር መሆኑን ዓይናችሁ ሚያምነው። በተቃራኒው ደሞ በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ 12 ካሜራ ደርድሮ ሚጋልብ ፈረስ ሲያነሳ፣ አራቱም እግሮች ከመሬት ሚለቁበት ቅጽበት እንዳለ ታየ፣ ግን እግሮቹ ሆዱ ሥር በተሰበሰቡበት ጊዜ ነው እንጂ ሰዓሊዎች ለዘመናት እንደሣሉት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተዘርግተው አይደለም። እዚህ ጋ ሳይንስ ነው ጥበብን ያረመው፣ መንገዱ ወደ ሁለቱም በኩል ነው ማለቴ ነው።

ወደ ብላክ ሆል (ስበቱ በጣም ከመጠንከሩ የተነሳ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የጠፈር አካል) ልሂድ፣ ምክንያቱም ሙሉው ነገር እሱ ውስጥ አለ። በ1979 ዣን ፒየር ሉሚኔ የሚባል ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሰው ብላክ ሆልን ሚዞረው ጋዝ ከሩቅ ቢታይ ምን ይመስላል ብሎ አሰላ። ኮምፒውተሩ መረጃ ሚቀበለው በተበሳ ካርድ ነው፣ ሥዕል ማውጣት ሚባል ነገር አይችልም፣ ቁጥር ብቻ ነው ሚተፋው። ሰውዬው ቁጥሮቹን ይዞ ቁጭ አለና በጥቁር ቀለም ነጥብ በነጥብ በእጁ ሣለው፣ ብርሃን በሚበዛበት ቦታ ነጥቦቹን ያጠጋጋል፣ በሚያንስበት ያራርቃል፣ ከዛ ሥዕሉን እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ ገለበጠው፣ ጥቁሩ ብርሃን ሆነ። አንድ የፊዚክስ ሊቅ አንገቱን ደፍቶ ያንን ሁሉ ነጥብ ሲነካካ ሳስበው በጣም ደስ ይለኛል። ሥዕሉ ላይ አንዱ ጎን ከሌላው በጣም ደማቅ ነው፣ ምክንያቱም ወደኛ ሚመጣው ጋዝ ብርሃኑ ይጎላል፣ ከኛ ሚሸሸው ይደበዝዛል።

በ2014 የወጣው "ኢንተርስቴላር" የተባለው ፊልም ሲሰራ ኪፕ ቶርን የሚባለው ፊዚሲስት (በ2017 ኖቤል ያገኘው) ከዳይሬክተሩ ጋር ገና ከጅምሩ ነው አብሮ የተቀመጠው፣ እና ሁለት ነገር ተስማሙ፦ የተረጋገጠ የፊዚክስ ሕግ አይጣስም፣ ፈጠራ ካለ ደሞ ከእውነተኛ ሳይንስ ይነሳ። አንድ ጊዜ ዳይሬክተሩ አንዱ ገጸ ባሕርይ ከብርሃን ፍጥነት በላይ እንዲሄድ ፈልጎ ሁለት ሳምንት ያህል ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ተወው። ቶርን እኩልዮሾቹን ጻፈ፣ የስፔሻል ኢፌክት ሠራተኞቹ ወደ ሶፍትዌር ቀየሩት፣ አንዳንዷን ፍሬም ለማውጣት እስከ 100 ሰዓት ይፈጅ ነበር፣ እና ከዛ ሥራ ላይ በ2015 በአንድ የሳይንስ ጆርናል የታተመ ጥናት ወጣ። ፊልም ለመስራት ተብሎ የተጀመረ ነገር ሳይንስ ጨመረ ማለት ነው። ግን አንድ ነገር ቀነሱ፣ ያንን የአንድ ጎን ድምቀት። ተመልካቹን ግራ ያጋባል ብለው ሁለቱን ጎን አመጣጠኑት። በሚያዝያ 2019 የመጀመሪያው እውነተኛ የብላክ ሆል ምስል ሲወጣ፣ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ከሚርቀው ኤም 87 ከሚባለው ጋላክሲ፣ ቀለበቱ በአንድ በኩል ደማቅ ነበር።

ፊልሙን ለመውቀስ አይደለም፣ እኔ ምወደው ፊልም ነው፣ ምርጫውንም ደብቀው አልያዙትም፣ ቶርን ራሱ ጽፎታል። ግን እያንዳንዱ የሳይንስ ምስል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ምርጫ እንዳለ ሰው ማወቅ አለበት። ያቺ የ2019ዋ ምስል ብርቱካናማ ናት አይደል? ቴሌስኮፖቹ የተቀበሉት ግን የሬድዮ ሞገድ ነው፣ የሬድዮ ሞገድ ቀለም የለውም፣ ቀለሙን ሰዎች ናቸው የመረጡት። የኮሮና ቫይረሱንም አስታውሱ፣ በ2020 መጀመሪያ ላይ ዓለም ሁሉ ያየው ግራጫ ኳስ ላይ ቀይ እሾህ ያለው ምስል፣ እሱን የሣሉት በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ የሚሰሩ ሁለት የሕክምና ሰዓሊዎች ናቸው፣ አሊሳ ኤከርትና ዳን ሂጊንስ። ቫይረሱ ስፋቱ 100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ነው፣ ዓይናችን ሚያየው ትንሹ የብርሃን ሞገድ 400 ገደማ ነው፣ ስለዚህ በተለመደው መልኩ ቀለም ሚባል ነገር ሊኖረው አይችልም። እነሱ ግን የእሾሁን ቅርፅ ከፕሮቲኑ ዳታ ወሰዱ፣ ቀዩን ቀለምና ጥላውን ደሞ የመረጡት ሰው በእጁ ሊነካው ሚችል እውነተኛ ነገር እንዲመስለው ነው። የማይታይ ጠላት ፊት አገኘ። ያ ምስል ባይኖር ብዙ ሰው ምኑን ነው ሚፈራው?

ይሄ ጉልበት ግን ወደ መጥፎም ይሠራል፣ እና ብዙ አይነገርም። ግሪንና ብሮክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2000 ባወጡት ጥናት ሰው ትረካ ውስጥ በደንብ ሲገባ ከትረካው ጋር መከራከር እንደሚቀንስ፣ እምነቱም ወደ ትረካው እንደሚጠጋ አሳይተዋል። ታዲያ ትረካው ስህተት ከሆነስ? ሌሚንግ የሚባሉ አይጥ መሰል የበረዶ አገር እንስሳት አሉ፣ ተሰብስበው ከገደል ራሳቸውን ወርውረው ይሞታሉ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በ1958 የወጣ ኦስካር ያገኘ ዶክመንተሪ ይሄንኑ በምስል አሳይቷል። በኋላ በ1982 የካናዳ ጋዜጠኞች ሲያጣሩ ቀረጻው የተደረገው ባሕር በሌለበት፣ ሌሚንግም በማይኖርበት ቦታ ነው፣ እንስሳቱ ተገዝተው መጥተው፣ ብዙ እንዲመስሉ በሚሽከረከር መድረክ ላይ ተቀርጸው፣ ከዛ በሰው እጅ ወደ ውሃው ተገፍተው ነው። እውነቱ ደሞ ሌላ ነው፣ ቁጥራቸው በየጥቂት ዓመቱ በጣም ይበዛና ምግብ ፍለጋ ይበተናሉ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ሚሰምጡ አሉ። ራስን ማጥፋት ሚባል ነገር የለም። ከዛ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፣ ሰው ግን ዛሬም "እንደ ሌሚንግ" ይላል።

ሌላው በጣም ሚያበሳጨኝ ያ የታወቀው ሥዕል ነው፣ ከግራ ጎንበስ ያለ ዝንጀሮ መሳይ፣ ከዛ ቀና እያለ እያለ በቀኝ ጫፍ ሰው። በ1965 ሩዶልፍ ዛሊንገር ለአንድ መጽሐፍ የሣለው ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ቀጥ ያለ ሰልፍ ነው አላለም፣ ግን ጽሑፉን ማን ያነባል፣ ሥዕሉ ሮጠ። ከዛ ሥዕል የተወለደው ጥያቄ ይኸው እስካሁን በየኮሜንቱ ላይ አለ፣ "ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ዝንጀሮ ለምን አሁንም አለ?" መልሱ እኮ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ እኛና ቺምፓንዚ የአጎት ልጆች ነን፣ አያታችን አንድ ነው፣ ከ6 ወይም 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ። የአጎት ልጃችሁ በሕይወት ስላለ እናንተ ከአያታችሁ አልመጣችሁም አይባልም። ሥዕሉ ሰልፍ ከሚሆን ቅርንጫፉ የበዛ ዛፍ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ክርክር ባልተነሳ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሥራ መጀመር ለምትፈልጉ፣ ሳይንቲስትም ሁኑ ሰዓሊ ወይም ቪዲዮ ሠሪ፣ ምመክረው ጥቂት ነገር ነው። መጀመሪያ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ስክሪፕት ሳይጻፍ፣ ባለሙያውን መጨረሻ ላይ "ስህተት ካለ እይልን" ብሎ መጥራት አይሰራም፣ ያኔ ታሪኩ ተጣብቆ አልቋል፣ ማረም ማለት ማፍረስ ይሆናል። ለአንድ ሥራ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። የት ጋ እንደገመታችሁ፣ የት ጋ ቀለም እንደቀባችሁ ተናገሩ፣ ሰው በዚህ አይርቅም፣ እንደውም ያምናችኋል። ከሁሉም በላይ ግን ይቺን አድርጉ፦ ሥራውን ከማውጣታችሁ በፊት ስለጉዳዩ ምንም ለማያውቅ አንድ ሰው አሳዩትና "ገባህ ወይ" ብላችሁ አትጠይቁት፣ ሁሉም ሰው ገባኝ ነው ሚለው። በሚቀጥለው ቀን ደውሉለትና "ትናንት ያየኸውን እስቲ ለኔ ንገረኝ" በሉት። የሚነግራችሁ ነገር ነው የሠራችሁት ሥራ። ብዙ ጊዜ ጠቃሚ ነው ብላችሁ የደከማችሁበት ክፍል ጭራሽ አይነሳም፣ እንደዋዛ ያስገባችሁት አንድ ምሳሌ ግን ቃል በቃል ይመጣል፣ እና ያ ምሳሌ የተሳሳተ ከሆነ ያኔ ታያላችሁ።

በዚህ ሥራ ማይክል ፋራዳይን የሚያክል ብዙ የለም። በኤሌክትሪክና በማግኔት ላይ ያን ሁሉ ያገኘ ሰው፣ በ1825 ለንደን ውስጥ የተጀመረውን ለልጆች የሚሰጥ የገና ሰሞን ትምህርት ለ19 ዓመት ያህል ራሱ ቆሞ አስተምሯል፣ ንግግሩን ለማሻሻል ብሎ አንደበት የሚያሠለጥን መምህር ጋ ሁሉ ሄዶ ነበር። በጣም የታወቀው ተከታታይ ትምህርቱ ስለ ሻማ ነው፣ ሻማ ብቻ፣ ከዛ ተነስቶ ስለ አየር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ካርቦን፣ ስለ ራሳችን አተነፋፈስ ይደርሳል። ከሚያሳያቸው ነገሮች አንዷን እናንተም ዛሬ ማታ ልትሞክሯት ትችላላችሁ። ንፋስ የሌለበት ቦታ ሻማ ለኩሱ፣ ትንሽ ይንደድ። ከዛ ቀስ ብላችሁ አጥፉትና ከክሩ ሽቅብ የሚሄደውን ነጭ ጭስ ተከታተሉ፣ የተለኮሰ ክብሪት አምጡና ክሩን ሳትነኩ ጭሱ ላይ ብቻ፣ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። እሳቱ በጭሱ ላይ ወርዶ ሻማውን መልሶ ያቀጣጥለዋል። አጠገባችሁ ልጅ ካለ ምን እንደሆነ ቶሎ አትንገሩት፣ መጀመሪያ ምን የተቃጠለ ይመስልሃል ብላችሁ ጠይቁት፣ ክሩ ነው ይላል፣ ሰሙ ነው ይላል፣ እንደገና አጥፍታችሁ እንደገና አሳዩት፣ ያ ነጭ ነገር ጭስ ሳይሆን ወደ እንፋሎት የተለወጠ ሰም መሆኑ ጋ ራሱ እስኪደርስ ድረስ።